የበረዶው ገንዳ ከልጆቹ በፊት ሜዳ ይድረስ

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርተኞችን ጤና እጠብቃለሁ። ሙያዬ እዚህ አገር አትሌቲክ ትሬነር ይባላል። ሰው ሥራዬን ከፋሻና ከተጠማዘዘ ቁርጭምጭሚት ጋር ያያይዘዋል፤ እውነትም አብዛኛው ቀኔ በዚያ ያልፋል። የአሜሪካ ፉትቦል ልምምድ በሚጀመርበት በነሐሴ ወር ግን ከስብራትም ከውልቃትም አብልጬ የምፈራው ሙቀትን ነው። ስብራት ይጠገናል። ሙቀት ግን ግማሽ ሰዓት ችላ ከተባለ ጤነኛ ወጣት ሊገድል ይችላል። የሚያንገበግበኝም ይህ ሞት ሊቀር የሚችል መሆኑ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በአትላንታና በዳላስ ልጆቻቸውን ወደዚህ ሜዳ የሚልኩ ወገኖች ስላሉኝ ይህን ማስታወሻ በተለይ ለእነሱ እጽፋለሁ።

የፉትቦል ተጫዋች ሄልሜት ያጠልቃል፣ የትከሻና የደረት መከላከያ ይታጠቃል፣ ጭኑና ጉልበቱ ላይ ፓድ ያደርጋል፣ በላዩ ማሊያ ይደርባል። ይህ ሁሉ ከግጭት እንዲያድነው ነው፤ ያድነዋልም። ችግሩ ያለው ሙቀቱ ላይ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ከሚያቃጥለው ኃይል ሦስት አራተኛ ያህሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሰውነት ይህን ሙቀት በዋነኛነት የሚያስወጣው በላብ ነው፤ አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ሳይተን የሚንጠባጠብ ላብ ግን ውሃና ጨው ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም። ከመከላከያው ሥር የታፈነው አየር ወዲያው በእርጥበት ይሞላል፤ ላቡ የሚተንበት ያጣል። ልጁ ከላይ በላብ ተጠምቆ እያየነው ውስጡ እንደተከደነ ድስት ይግላል። በተለይ በግንባሩ መስመር የሚሰለፉት ግዙፎቹ ተጫዋቾች ለዚህ አደጋ የተጋለጡ ናቸው፤ ሰውነታቸው ብዙ ሙቀት ያመነጫል፣ ከክብደታቸው ጋር ሲነጻጸር ግን ሙቀቱ የሚወጣበት ቆዳ ያንሳል።

እዚህ ላይ ወበቁ ይጨመራል። አዲስ አበባ ላይ ያደገ ወላጅ ፀሐይን ያውቃታል፤ ደጋው አየር ደረቅ በሆነበት ወራት ላብ ሳይታይ ይተናል፣ ጥላ ሥር አረፍ ማለት ይበቃል። የዋሽንግተንን ነሐሴ የሚረዳው ግን የጅቡቲን ወይም የምጽዋን ወበቅ የቀመሰ ሰው ነው። አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ጥላም ቢሆን ያን ያህል አያሳርፍም። ስለዚህ የስልካችን የአየር ሁኔታ መተግበሪያ የሚነግረን ዲግሪ ብቻውን አይበቃንም። ሜዳ ላይ የምንጠቀምበት መሣሪያ ዌት ባልብ ግሎብ ቴምፕሬቸር የሚባለውን ልክ ያሰላል። ይህ ልክ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ማሪን ኮር ወታደሮች ሥልጠና ላይ በሙቀት ሲወድቁ የተፈለሰፈ ነው። ከውጤቱ 70 በመቶውን የሚይዘው እርጥበቱን የሚያሳየው ንባብ ነው፤ 20 በመቶው የፀሐይ ጨረር፣ 10 በመቶው ብቻ ደግሞ የተለመደው የአየር ሙቀት ነው። የጆርጂያ ግዛት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ፣ ይህ ልክ ከ33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት ሲያልፍ ከቤት ውጭ ልምምድ ይቋረጣል፤ ከዚያ ዝቅ ባለው እርከን ደግሞ ልጆቹ ሄልሜቱንም ፓዱንም አውልቀው ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ይለማመዳሉ። እኔ ይህን ደንብ የምወደው ውሳኔውን ከአሰልጣኙ ስሜት አውጥቶ ለመሣሪያው ስለሰጠው ነው።

ስለ ማቀዝቀዣ ስጠየቅ ሰዎች የሚጠብቁት የዕቃ ስም ነው፤ የበረዶ ሰደርያ፣ ጭጋግ የሚረጭ ማራገቢያ፣ አንገት ላይ የሚጠመጠም ፎጣ። ሁሉም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። የበረዶ ሰደርያ ከልምምድ በፊትና በእረፍት ሰዓት ይጠቅማል። ተደቅቆ ከውሃ ጋር የተቀላቀለ በረዶ፣ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 7.5 ግራም ያህል ታስቦ ከሥራ በፊት ቢጠጣ፣ ሰውነት ዝቅ ካለ ሙቀት እንዲነሳ ያደርጋል። ክንድን በቀዝቃዛ ውሃ ባልዲ ውስጥ ማቆየት የእሳት አደጋ ሠራተኞችም የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን ማውለቅ ነው። በየእረፍቱ ሄልሜቱ ይውለቅ፤ እረፍቱ ረዘም ካለ የትከሻ መከላከያውም ይውለቅ። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አሰልጣኙ እረፍት እንዲሰጥና ልጁ ማውለቅን እንደ ድካም ምልክት እንዳይቆጥረው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነጻ መድኃኒት ቀን ነው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ የደም ውሃው ይበዛል፣ ላብ ቶሎ ይጀምራል፣ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨው ይቀንሳል። የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፉትቦል ልምምድ በደረጃ እንዲጀመር ያዘዘው ለዚህ ነው፤ ያኔ የወጣው ደንብ እንዲህ ይል ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሄልሜት ብቻ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው የትከሻ መከላከያ ተጨምሮ፣ ሙሉው ትጥቅ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ። እዚህ ላይ የእኛን ቤተሰቦች የሚመለከት ነገር አለ። የትምህርት ቤት እረፍቱን አዲስ አበባ አያቱ ዘንድ ያሳለፈ ልጅ የሚመለሰው ከክረምቱ ዝናብና ብርድ ነው፤ በማግስቱ በዚህ ወበቅ ሙሉ ትጥቅ መልበስ የለበትም። ከጉዞ እንደተመለሰ ለአሰልጣኙና ለጤና ባለሙያው ንገሩ። ቡድኑ ሁለተኛ ሳምንቱን ቢይዝም ለእሱ ገና የመጀመሪያው ቀን ነው።

ውሃን በተመለከተ፣ ልጆቹን ከልምምድ በፊትና በኋላ እንመዝናቸዋለን። የጎደለው አንድ ኪሎ ማለት በግምት አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ እስከ ቀጣዩ ልምምድ ቀስ በቀስ ይተካል። አንዳንድ ግዙፍ ተጫዋች በሰዓት ከሁለት ሊትር በላይ ያልበዋል። ነገር ግን ውሃ ብቻውን ከሙቀት ምት አያድንም፤ ጠጥቶ የጠገበ ልጅም ይወድቃል። ከመጠን በላይ መጠጣት ደግሞ የደምን ጨው አሳስቶ ራሱ ይገድላል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። ኮሪ ስትሪንገር የሚኒሶታ ቫይኪንግስ ተጫዋች ነበር፤ ክብደቱ 150 ኪሎ ግራም ያህል። በማንካቶ ከተማ በልምምድ ካምፕ ላይ ወድቆ ሆስፒታል ሲደርስ የሰውነቱ ሙቀት ከ42 ዲግሪ በላይ ነበር፤ ኦገስት 1 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. በ27 ዓመቱ ሞተ። በስሙ የተሰየመው ተቋም በ2010 እ.ኤ.አ. በኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሞ ስለዚህ አደጋ ያስተምራል። ከዚያ ሁሉ ትምህርት በኋላ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. በሜይ መጨረሻ፣ ጆርዳን ማክኔር የተባለ የ19 ዓመት ወጣት በዚሁ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሩጫ ልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ አረፈ። በቀዝቃዛ ውሃ አልተነከረም ነበር። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የሕግና የሞራል ኃላፊነቱን በአደባባይ ተቀበሉ፤ ግዛቲቱም በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣቱ ስም የስፖርተኞችን ደኅንነት የሚመለከት ሕግ አወጣች። ለእኔ የማክኔር ታሪክ ሩቅ አይደለም፤ ሜዳዬ ያለው በዚያው ግዛት ነው።

የሙቀት ምትን መለየት የሚቻለው በጠባይ ለውጥ ነው። ልጁ ይንገዳገዳል፣ ይዘባርቃል፣ ያለምክንያት ይቆጣል፣ የት እንዳለ ይጠፋዋል። ቆዳው ደረቅ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው ጊዜ ያባክናል፤ በሥራ ላይ የተመታ ስፖርተኛ ብዙ ጊዜ እያላበው ነው የሚወድቀው። ትክክለኛውን የውስጥ ሙቀት ሜዳ ላይ የሚነግረን በፊንጢጣ የሚገባ ቴርሞሜትር ነው። ይህን ስናገር ወላጆች እንደሚሳቀቁ አውቃለሁ። በግንባር፣ በጆሮና በአፍ የሚለካው ግን በልምምድ በጋለና ባላበው ሰው ላይ ይዋሻል፤ በውሸት ቁጥር ተጽናንቶ ልጅ ከመቅበር መሳቀቁ ይሻላል።

ሙቀቱ 40 ዲግሪን አልፎ ልጁ ከዘባረቀ፣ አንድ ሰው አምቡላንስ ይጠራል፤ ሌሎቻችን እናቀዘቅዛለን። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ማጓጓዝ። ገንዳው በውሃና በበረዶ ተሞልቶ ሜዳው ዳር ይጠብቃል። ልጁን እስከ አንገቱ እናስገባዋለን፣ በብብቱ ሥር ባለፈ አንሶላ ከፍ አድርገን እንይዘዋለን፣ ውሃውን ያለማቋረጥ እናማስላለን። እንዲህ ሲደረግ ሙቀቱ በአምስት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ 42 የደረሰ ልጅ በሩብ ሰዓት ገደማ 39 ይደርሳል፣ እዚያ ላይ እናወጣዋለን። ትጥቁ ቶሎ የማይወልቅ ከሆነ ከነትጥቁ ይግባ፤ በልብስም ቢሆን ውሃው ሥራውን ይሠራል። ገንዳ በሌለበት፣ በሸራ ላይ አስተኝቶ ጠርዙን ከፍ አድርጎ በመያዝ በረዷማ ውሃ ማፍሰስ ይቻላል። ብብትና አንገት ላይ ብቻ የተደረገ የበረዶ ከረጢት ግን በጣም አዝጋሚ ነው። በማሳቹሴትስ የፋልማውዝ የጎዳና ሩጫ ላይ በ18 ዓመታት ውስጥ 274 ሯጮች በሙቀት ምት ወድቀው፣ በዚህ መንገድ በቦታው ታክመው ሁሉም ተርፈዋል።

ከእኛ ሰው የሚገጥመኝ ፍርሃት ሌላ ነው። አንዲት እናት በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ «ወንድሜ፣ ላቡ ሳይደርቅ በረዶ ውስጥ ልትከተው? ብርድ ገብቶበት ሳንባ ምች ቢይዘውስ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው የመጣው ካደጉበት ነው፤ ፀሐይ የመታውን ሰው ዳማከሴ ጨምቀን አሽተን፣ ሸፋፍነን የምናስተኛ ሕዝብ ነን። «እህቴ፣ ሳንባ ምች የሚመጣው ከተህዋስያን ነው፤ ይህ ልጅ ግን ያለው ጊዜ ደቂቃ ነው» አልኳቸው። እዚያው ገንዳውን አሳየኋቸው፣ እጃቸውን አስገብተው ውሃውን ሞከሩት። ለሁሉም የምለው ይኸው ነው፤ በሙቀት ምት የተመታን ሰው መሸፋፈን እሳቱን መከደን ነው።

ሄልሜት የማይለብሱ አንባቢዎችም ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት አለ። አዲስ አበባም ሆነ እዚህ፣ ክብደት ለመቀነስ ላስቲክ ለብሰው የሚሮጡ፣ ከግጥሚያ በፊት ኪሎ ለማውረድ በላስቲክ የሚያላቡ ቦክሰኞችና ታጋዮች አሉ። በ1997 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ትግል ተወዳዳሪዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንዲሁ ኪሎ ሲያወርዱ ሞቱ፤ የኮሌጆቹ ማኅበርም የላስቲክ ልብስን ከለከለ። ላስቲኩ ስብ አያቃጥልም፤ የሚያወጣው ውሃ ነው፣ የሚዘጋው ደግሞ ላብ የሚተንበትን መንገድ።

ልጃችሁን ለዚህ ስፖርት ስታስመዘግቡ ለትምህርት ቤቱ ጥቂት ጥያቄ አቅርቡ። በልምምድ ሰዓት የጤና ባለሙያ ሜዳ ላይ አለ? የወበቁን ልክ የሚለካ መሣሪያ አለ? ሙሉ ትጥቅ የሚለበሰው በስንተኛው ቀን ነው? የበረዶው ገንዳ የት ነው፣ ማንስ ይሞላዋል? መልሱን በስልክ አትቀበሉ፤ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ገንዳው ባዶ ከሆነ ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ ቤት ተመለሱ፤ እስኪሞላ ድረስ ልምምድ የለም።