መሄድ ያቃታት ድመት በማን ኃላፊነት ሥር ናት?

 

በዛሬው ዝግጅታችን ብዙዎቻችን አቅልለን የምናየውን፣ በዲናችን ግን ከባድ ሚዛን የተሰጠውን አንድ ጉዳይ እናነሳለን። እርሱም የተጎዳች ድመት ጉዳይ ነው። በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና ድረስ ድመት የማይገባበት ግቢ የለም ማለት ይቻላል። ጤነኛ ሳለች አይጥ ስለምትይዝልን እንወዳታለን። በቀለበት መንገድ መኪና ሲገጫት፣ ውሻ ሲነክሳት፣ ልጆች በድንጋይ ሲመቷት ወይም መርዝ የቀመሰ አይጥ በልታ ስትታመምስ የማን ናት? «የማንም አይደለችም» እንላለን። ሸሪዓው ግን እንዲህ አይልም።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በድመት ምክንያት ስለተቀጣች ሴት ነግረውናል። ሴትዮዋ ድመቷን ዘግታባት ምግብና ውሃ ነሳቻት፤ ወጥታ የራሷን እንዳትፈልግም አልለቀቀቻትም። በዚሁ ሁኔታ ድመቷ ሞተች። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሴትዮዋ የተጠየቀችው ድመት ለምን አላሳደግሽም ተብላ አይደለም። የተጠየቀችው ድመቷ መውጫ አጥታ በእጇ ሥር ሆና ሳለ ስለተወቻት ነው።

ዑለሞች ከዚህ ትልቅ ትምህርት ወስደዋል። በባለቤትነት የያዝነው እንስሳ ቀለቡ ግዴታችን ነው። ከማሊኪያ መዝሀብ ሊቃውንት ደግሞ ዐይኗ ጠፍቶ ወደ አንድ ሰው ቤት የተጠጋች፣ ከዚያም መሄድ ያቃታት ድመት ቀለቧ በዚያ ቤት ባለቤት ላይ ግዴታ እንደሚሆን የገለጹ አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሄድ የምትችል ድመት ሪዝቋን ፈልጋ ታገኛለች፤ ብናበላት ሰደቃ ነው። መሄድ ያቃታት ግን መንገዷ ተዘግቷል፤ አላህ ወደ እኛ ደጅ አድርሷታል። እግሯ ተሰብሮ ከደረጃችን ሥር የተኛችው ድመትስ ከዚህ በምን ትለያለች?

በሌላ በኩል ምንዳው ሰፊ ነው። ለተጠማ ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ያወጣለት ሰው አላህ ምሕረት እንዳደረገለት፣ ሕይወት ላለው ፍጡር በሚደረግ በጎነት ሁሉ አጅር እንዳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ሶሓቢዩ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ለውዱእ ከቀረበላቸው ውሃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን አዘንብለው አጠጧት። የልጃቸው ሚስት ስትደነቅም፣ ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በዙሪያችን ከሚመላለሱት አንዷ እንደሆነች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን ነገሯት። እንግዲህ «ነጃሳ ትሆንብናለች» ማለትም ምክንያት አይሆነንም።

የተጎዳን እንስሳ ማንሳት በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከኮልፌ ወደ ምዕራብ፣ በሆለታ አቅራቢያ «እንስሳ ኮቴ» የሚባል፣ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ያቋቋመው የዱር እንስሳት ማገገሚያ አለ። ከሕገ ወጥ ነጋዴ የተያዙና በሰው ቤት የታሰሩ አንበሶችና አቦሸማኔዎች እዚያ ይታከማሉ። ወደ ዱር መመለስ የማይችሉት እዚያው ይጦራሉ። ከነዚህ አንዱ ዶሎ የተባለው አንበሳ ነበር። በሶማሊያ ድንበር አጠገብ ባለችው በዶሎ ከተማ በአጭር ሰንሰለት ለዓመታት ታስሮ ከኖረ በኋላ ነበር ወደዚህ የመጣው። ታስሮ መውጫ ያጣው እንስሳ ጉዳይ ዛሬም ያለ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ለሰፈራችን ድመት ግን መጠለያዋ የእኛው ቤት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ራሳችንን እንጠብቅ። የታመመች ድመት የራሳችን ብትሆን እንኳ ከፍርሃት የተነሳ ትነክሳለች። በቀስታ ቀርበን በወፍራም ጨርቅ ሸፍነን እናንሳት፤ አየር በሚያስገባ ካርቶን ውስጥ እናስቀምጣት። የሚደማ ቁስል ካለ በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃዎች ጫን አድርገን እንያዝ። የተሰበረ እግር አንጎትት፤ አንሽም። ከልጆች ጩኸት ርቃ ጸጥ ባለ ቦታ ትረፍ። ከበረዳት በሃይላንድ ለብ ያለ ውሃ ሞልተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን ከጎኗ እናድርግላት።

ሁለተኛ፣ የሰው መድኃኒት አንስጣት። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። ጉበቷ ሊያስወግደው ስለማይችል አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም አደገኞች ናቸው። ደግ አስበን እንዳንገድላት እንጠንቀቅ።

ሦስተኛ፣ ምግቧ ጨውና በርበሬ የሌለበት የተቀቀለ ሥጋ ይሁን። ሽንኩርት የድመትን ደም ስለሚጎዳ የወጥ ፍርፋሪ አይሆናትም። ወተትም ብዙ ያደጉ ድመቶችን ያስቀምጣል፤ ንጹሕ ውሃ ይበቃታል። ሳትበላ ሁለት ቀን ካለፋት ጉበቷ ሊታወክ ስለሚችል ሳይዘገይ የእንስሳት ሐኪም ይያት። ስብራት ካላት፣ ኋላዋ ካልታዘዘላት ወይም የአይጥ መርዝ ከተጠረጠረ ግን በዚያው ቀን ትወሰድ። በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ በከተማችንም የግል የእንስሳት ክሊኒኮች አሉ። ወጪው ለአንድ ቤት ቢከብድ ጎረቤት ቢያዋጣ ሰደቃ ነው። ስብራት ለመጠገን ሳምንታት ይፈልጋልና ትዕግሥት ይኑረን።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል። ድመት ከነከሰችን ወይም ከቧጨረችን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውሃ ለ15 ደቂቃ እንጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ እንሂድ። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በጊዜ ከተወሰደ ግን ይከላከላል። ድመቷን በተቻለ መጠን ሳንገድል ለ10 ቀን እንከታተላት፤ ጤነኛ ሆና ከቆየች በነከሰችበት ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈችም ማለት ነው። ያለ ምክንያት ሰው ላይ የምትዘል፣ ለሃጯ የሚዝረበረብ ድመት ካየን ግን በእጃችን አንንካት፤ ልጆችን አርቀን ለእንስሳት ጤና ባለሙያ እንንገር። ነፍስን መጠበቅም የዲናችን ትእዛዝ ነው።

ውድ ወላጆች! ድንጋይ የሚያነሳ ልጅ ያንን ከኛ ዝምታ ይማራል። የውሃውን ሳህን የሚሞላ ልጅም ያንን ከኛ ይማራል። ዛሬ ማታ አንድ ሳህን ውሃ ከደጃችሁ ይቀመጥ፤ የሚሞላውም ከቤቱ ትንሹ ልጅ ይሁን።

አላህ (ሱ.ወ.) ልባችንን ለፍጡራኑ የሚራራ ያድርግልን፤ እኛንም በእዝነቱ ይመልከተን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።