የጠራ ውሃ ሁሉ ለዓሣ ይስማማልን?

ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ ጣና የሚወርደው የጉማራ ወንዝ በክረምት ሲደፈርስ ላየው ሰው፣ ዓሣ በዚህ ውሃ እንዴት ይኖራል ያሰኛል። ነገር ግን ከጣና ዓሦች አንዳንዶቹ ዕንቁላላቸውን ለመጣል ወደዚሁ ወንዝ የሚወጡት በዚያው በክረምት ነው። እንግዲህ የውሃ ደግነት በዓይን ብቻ አይታወቅም።

በደብረ ታቦርም ሆነ በሌላ ከተማ ዓሣ በመስተዋት ገንዳ ለማኖር የሚያስብ ሰው ይህን ቢያስተውል ይጠቀማል። ለገንዳ ውሃ ማጥሪያ የሚያገለግል ልዩ ከሰል አለ። ይኸውም በብርቱ ሙቀትና በእንፋሎት፣ ወይም በኬሚካል፣ እጅግ ብዙ ረቂቅ ቀዳዳ የወጣለት ነው። የአንዱ ግራም ውስጣዊ ገጽ ቢዘረጋ ብዙውን ጊዜ ከ500 ካሬ ሜትር ይበልጣል፤ የምድጃ ከሰል ግን ይህን ያህል ኃይል የለውም።

ይህ ከሰል የውሃውን ቀለም፣ ሽታና ክሎሪን ይይዛል። ዓሣው ራሱ የሚያስወጣውን አሞኒያ ግን አይዝም። ይህም መርዝ ቀለም ስለሌለው፣ ውሃው እንደ ምንጭ ጠርቶ ሳለ ዓሣው ሊሞት ይችላል። አሞኒያን ደረጃ በደረጃ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት በጠጠርና በአሸዋ ላይ የሚያድሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እስኪበዙም ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ።

ስለዚህ በመጀመሪያ ጥቂት ዓሣ ብቻ ማስገባት፣ ምግቡን መመጠን፣ ውሃውንም በየጊዜው በከፊል መለወጥ ያስፈልጋል። ከሰሉም በጠገበ ጊዜ በአዲስ ይተካ። ከሰል ረዳት ነው፤ የዓሣው ሕይወት ግን በባለቤቱ ትጋት ይጠበቃል።