ሞተሩ ቀጥ ሲል ኪሳራው የማን ነው?

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደው አቀበት ለተጫነ ሞተር ሳይክል ፈተና ነው። ዕቃ በማድረስ የሚተዳደር አንድ ወጣት፣ ገዝቶት ወር ያልሞላው ያገለገለ ሞተር እዚሁ አቀበት ላይ የኋላ ጎማው ተቆልፎ ቀጥ አለበት። ፍሪሲዮን ጨምቆ ዳር በመያዙ ሕይወቱ ተርፏል። ማምሻውን ግን ሞተሩ ጋራዥ ውስጥ ተፈታ። አሁን ገዥ በሻጭ፣ ሻጭ በገዥ ያሳብባሉ፤ ኮሚሽኑን የተቀበለው ደላላ ስልክ አያነሳም።

ጣጣው የመጣው በችኮላ ከመፍታቱ ነው። ሞተር በድንገት ሲጠፋ ተረጋግቶ መርገጫውን መሞከር ይቀድማል። እንደ ወትሮው ከወረደ ችግሩ ካንዴላ፣ የቆሸሸ ካርቡሬተር ወይም የተደፈነ የነዳጅ ማጣሪያ ሊሆን ይችላል፤ ወጪው ቀላል ነው። አልወርድ ካለ ግን ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ነክሷል፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቋል። በግድ መርገጥ ጉዳቱን ያብሳል። ሲበርድ ቢለቅ እንኳ ጭረቱ አይጠፋም።

ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉት በአየር የሚቀዘቅዙ ሞተሮች የሚይዙት ዘይት አንድ ሊትር ገደማ በመሆኑ መጉደሉን አይችሉም። ዘይቱን የጨረሰው የገዥው ቸልተኝነት ነው ወይስ ሲገዛም ፋሻው አልቆ ሰማያዊ ጭስ ያወጣ ነበር? አንዳንድ ሻጭ ወፍራም ዘይት ሞልቶ ጭሱንም ድምፁንም ለጥቂት ቀን ያፍናል። ስለዚህ የቀረው ዘይት መጠን፣ ውፍረቱና በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ማስረጃ ነው። የእኛው ባለሞተር ዘይት ግን ተደፍቷል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ዋስ ያደርገዋል። ገዥም በተቻለው ፍጥነት ዕቃውን መርምሮ፣ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ሻጩን መጥራት የሚበጀውም ለዚህ ነው። ኮሚሽን የሚቆጥር ደላላም በሽያጩ ዕለት የዘይት መለኪያውን መዝዞ ማሳየት ባልከበደው ነበር።

ወጣቱ በእጁ የቀረው ፒስተኑ ብቻ ነው። አናቱ ላይ 50 የሚል ቁጥር ተመትቶበታል፤ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ገብቶ ከፋብሪካው ልክ በግማሽ ሚሊ ሜትር መስፋቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ሻጩ ሲሸጥለት ሞተሩ ተከፍቶ አያውቅም ብሎት ነበር። ፒስተኑን ሲያሳየው ደግሞ ጋራዡ ቀይሮት ይሆናል አለው።