ካርቦን ዳይሰልፋይድ፦ ከልብሱ ወጥቶ ከሠራተኛው የማይወጣ መርዝ

«ቪስኮስ» ወይም «ሬዮን» የሚል ምልክት ያለበት ቀሚስ፣ ሻርፕ ወይም የኮት ገበር ከእንጨት የተሠራ ጨርቅ ነው። ግትሩን እንጨት ወደ ለስላሳ ክር የሚለውጠው ካርቦን ዳይሰልፋይድ የሚባል ፈሳሽ ነው። ክሩ ታጥቦና ደርቆ ሲወጣ ኬሚካሉ ተለይቶት ስለሚሄድ ለባሹ የሚያሰጋው ነገር የለም። ጉዳቱ ያለው ክሩ በሚመረትበት አዳራሽ ውስጥ ነው። የኬሚካሉ መርዛማነት ከታወቀ 160 ዓመት አልፎታል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የፈሳሹ ቅንጅት ቀላል ነው፤ አንድ ካርቦንና ሁለት ድኝ። በ1796 ጀርመናዊው ኬሚስት ላምፓዲዩስ የብረትና የድኝ ማዕድን የሆነውን ፒራይት ከእርጥብ ከሰል ጋር ሲያግል አገኘው። ዛሬ በአብዛኛው የሚመረተው የተፈጥሮ ጋዝንና ድኝን በከፍተኛ ሙቀት በማዋሐድ ነው። ንጹሑ ቀለም የለውም፤ ሽታውም አይከፋም። ፋብሪካ ውስጥ የሚገኘው ግን በተቀላቀሉበት ጉድፎች ምክንያት የበሰበሰ ጎመን ይሸታል።

የመጀመሪያው አደጋ እሳት ነው። ፈሳሹ በ46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ትነቱ ከአየር ከሁለት ዕጥፍ በላይ ስለሚከብድ ወለሉን ተከትሎ ይሄዳል፤ በቦይና በጉድጓድም ይጠራቀማል። እንዲቀጣጠል ክብሪት አያስፈልገውም፤ ወደ 90 ዲግሪ የጋለ የእንፋሎት ቧንቧ ይበቃዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚከማቸው ከላዩ ውሃ ተደርጎበት ነው፤ ከውሃ ስለሚከብድና በውሃ እምብዛም ስለማይሟሟ ከሥር ይቀመጣል። ግንቦት 13 ቀን 1949 ኒው ጀርሲን ከኒው ዮርክ በሚያገናኘው የሆላንድ ዋሻ ውስጥ 80 በርሜል ካርቦን ዳይሰልፋይድ የጫነ መኪና ተቃጥሎ 66 ሰዎች ተጎድተዋል።

ሁለተኛው አደጋ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። በ1846 እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ፓርክስ ጎማን ያለ ሙቀት የሚያጠነክር ዘዴ አገኘ፤ ዘዴው ካርቦን ዳይሰልፋይድን ይጠቀማል። ፓሪስ ውስጥ ፊኛና ሌላ ስስ የጎማ ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች ትነቱን በጠባብ ክፍል ይተነፍሱ ነበር። ሐኪሙ ኦጉስት ዴልፔሽ በ1856 ሕመማቸውን መዝግቦ ጻፈ፤ ራስ ምታት፣ ቅዠት፣ ድንገተኛ ቁጣ፣ የማስታወስ ችሎታ መዳከም፣ የእግር መዛልና መደንዘዝ። ኬሚካሉ በሳንባም በቆዳም ይገባል፤ ዋናው ዒላማውም ነርቭ ነው።

የጎማው ሥራ እየቀነሰ ሲሄድ የቪስኮስ ዘመን መጣ። በ1892 ክሮስ፣ ቤቫንና ቢድል የተባሉ እንግሊዛውያን የአሠራሩን የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ከእንጨት የተለየው ሴሉሎስ በኮስቲክ ሶዳ ይዘፈዘፋል፤ ካርቦን ዳይሰልፋይድ ሲጨመርበት ብርቱካንማ ይሆናል፤ እንደገና በሶዳ ሲሟሟ እንደ ማር የሚዝረበረብ ፈሳሽ ይሆናል። ይህ ፈሳሽ በጥቃቅን ቀዳዳዎች እየተገፋ ሰልፈሪክ አሲድ ወዳለበት ገንዳ ሲገባ ክር ሆኖ ይረጋል። በዚህች ቅጽበት ካርቦን ዳይሰልፋይዱ ከሴሉሎሱ ይለቃል፤ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብሎ ክር የሚያያይዘው ሠራተኛም የሚተነፍሰው ይህንኑ ነው። ፈሳሹ በቀዳዳ ፋንታ በቀጭን ስንጥቅ ቢወጣ ደግሞ የከረሜላና የአበባ መጠቅለያ የሆነው ሴሎፌን ይገኛል።

ጉዳቱ ግን በነርቭ ብቻ አልቆመም። በ1960ዎቹ በእንግሊዝ የቪስኮስ ሠራተኞች በልብ ደም ሥር ሕመም ከሌላው ሰው አብልጠው እንደሚሞቱ ታወቀ። ፊንላንድ ውስጥ 343 የቪስኮስ ሠራተኞች ከ343 የወረቀት ፋብሪካ ሠራተኞች ጋር ሲነጻጸሩ፣ በአምስት ዓመት ክትትል በዚህ ሕመም የሞቱት የቪስኮስ ሠራተኞች ከሌሎቹ ከአራት ዕጥፍ በላይ ሆኑ። ፊንላንዶች ዝም አላሉም። በአየሩ ውስጥ የሚፈቀደውን መጠን ዝቅ አድርገው ከሚሊዮን 10 እጅ ብቻ እንዲሆን ወሰኑ፤ በጣም የተጋለጡትንም ከቦታው አነሡ። በኋለኞቹ ዓመታት ያ ትርፍ ሞት ጠፋ። አየሩ ሲጸዳ ሰው እንደሚተርፍ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው። ሶል አጠገብ የነበረው ዎንጂን ሬዮን የተባለ ፋብሪካ ያገለገሉ ማሽኖችን ከጃፓን አስመጥቶ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲያመርት ቆይቶ በ1993 ተዘጋ። በመርዙ መጎዳታቸው የታወቀላቸው ሠራተኞች ከ900 በላይ ናቸው። ማሽኖቹ እንደገና ተሸጠው ቻይና ገቡ። ተጎጂዎቹና ቤተሰቦቻቸው ታግለው ባገኙት ካሳ ለሥራ በሽታ የቆመ ሆስፒታል እንዲመሠረት አደረጉ።

ኬሚካሉ ከጨርቅ ውጭም ሥራ አለው። ወርቅና መዳብን ከድንጋያቸው ለመለየት የሚያገለግሉት ዛንቴቶች የሚሠሩት ከእሱ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳዮች የወይን ሥር የሚያጠፋውን ፋይሎክሴራ የተባለ ተባይ ለመግደል ኬሚካሉን አፈር ውስጥ ይወጉት ነበር። የእኛ አገር ገበሬ ድንቹንና ቲማቲሙን ከበሽታ ለመከላከል የሚረጨው ማንኮዜብም ሲመረት ካርቦን ዳይሰልፋይድ ይገባበታል።

ስለዚህ ኬሚካሉን በአንድ ቀን ከዓለም ማስወጣት አይቻልም፤ ሰውን ከእሱ መጠበቅ ግን ይቻላል። ማሽኑን መሸፈን፣ ትነቱን መምጠጥ፣ ይዞም ለሥራ መመለስ የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። ሊዮሴል የተባለው ክር ደግሞ ያለ ካርቦን ዳይሰልፋይድ ከእንጨት ይሠራል፤ ማሟሚያውም ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ያገለግላል። የሕጉ ልክ ግን አሁንም ይለያያል፤ የአሜሪካ ሕግ በሥራ ቀን በአማካይ ከሚሊዮን 20 እጅ ሲፈቅድ የዚያው አገር የሥራ ጤና ተቋም ከ1 እጅ እንዳያልፍ ይመክራል።

እንዲህ ያለ ፋብሪካ ለመትከል የሚያስብ አገር ሁሉ ከውሉ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት፤ ማሽኑ ከየት መጣ? አየሩን ማን ይለካል? የሠራተኛውን ልብና ነርቭስ ማን ይመረምራል? መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠ የርካሹ ጨርቅ ቀሪ ሒሳብ በሠራተኛው ጤና ይከፈላል።