በነጠላ ጠርዝ የተነከሰ ከረሜላ

አንድ ከረሜላ ለሁለት ልጅ የሚካፈልበት ዘዴ አለ። ወረቀቱ ይላጥና ከረሜላው በሸሚዝ ወይም በነጠላ ጠርዝ ይጠቀለላል፤ ከዚያ በጨርቁ ላይ ጥርስ ያርፍበታል። ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ምራቅም አይነካውም። ትልቁ ስባሪ የማን ነው የሚለው ጭቅጭቅ ግን አይቀርም። በካምባም ሆነ በሌላው የሀገራችን ክፍል ያደገ ጎልማሳ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ለመሆኑ ያ ሁለት ጫፉ በተጠመዘዘ ወረቀት የሚጠቀለል ጠንካራ ከረሜላ፣ ደስታ ከረሜላና መሰሎቹ፣ ምንድን ነው? ከሠላሳ ዓመት በኋላስ ሰውን ወደ ልጅነቱ የሚመልሰው በምን ኃይል ነው?

ካምባ ከአርባ ምንጭ በስተምዕራብ፣ ከተራሮቹ ማዶ ናት። በጋሞ ምድር ጣፋጭ ነገር ከፋብሪካ በፊትም ነበረ፤ ደጋው ማር አለው፣ ቆላው ሸንኮራ። ስኳር በፋብሪካ ደረጃ በሀገራችን መመረት የጀመረው ግን በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ወንጂ ላይ ባቋቋመው ፋብሪካ። ሸዋና መተሐራ ተከተሉ። ከረሜላ ወደ ገጠር ገበያ የገባው በዚህ ስኳር ትከሻ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ሱቅ በደረቴው ጨረሰው፤ ከክብሪት፣ ከመርፌና ከማስቲካ ጋር ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ገበያውን ይዞረዋል።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን አይደለም። ስኳር በውኃ ይሟሟና ግሉኮስ ይጨመርበታል። ግሉኮሱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ የስኳሩ ቅንጣቶች ተመልሰው እንዳይሰባሰቡና እህል እህል እንዳይሉ ያግዳል። ድብልቁ ሲፈላ ውኃው እየተነነ ይሄዳል፣ የሚፈላበትም ሙቀት ከፍ እያለ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ያን ጊዜ በውስጡ የቀረው ውኃ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆን ነው። ቀለሙ፣ ሽታ ሰጪውና ኮምጣጣው ሲትሪክ አሲድ የሚገቡት ከእሳት ወርዶ ትንሽ ሲበርድ ነው፤ ቀድመው ከገቡ ሽታው ይተናል፣ አሲዱም ስኳሩን ይሰባብረዋል። ከዚያ እንደ ሊጥ ይታሻል፣ ይሳባል፣ በቅርጽ ማውጫ ያልፋል፣ በፍጥነት ይቀዘቅዛል።

ፍጥነቱ ነው ምስጢሩ። የስኳሩ ሞለኪውሎች ተራቸውን ይዘው ለመሰለፍ ጊዜ አያገኙም፤ በተዘበራረቁበት ይደርቃሉ። በፊዚክስ ሊቃውንት አነጋገር ከረሜላ ብርጭቆ ነው፤ የመስኮት መስታወትና ከረሜላ በአንድ ክፍል ይመደባሉ። ሲነከስ ቀጭ የሚለውም ለዚህ ነው። ይህ ብርጭቆ ግን እርጥበት ወዳድ ነው። ከአየሩ ውኃ እየሳበ ላዩ ይለሰልሳል፣ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። በክረምት፣ ወይም በቆላው ወበቅ ኪስ ውስጥ የከረመ ከረሜላ ከወረቀቱ አልላቀቅ ብሎ ከነወረቀቱ የሚመጠጠው ከዚህ የተነሣ ነው። ልጅ ወረቀቱን አኝኮ ይተፋል እንጂ ከረሜላውን አይጥልም።

አሁን አፍንጫዎን ይያዙና ከረሜላ አፍዎ ውስጥ ይጨምሩ። ጣፋጭና ኮምጣጣ ከመሆኑ በቀር የብርቱካን ይሁን የሎሚ አይለዩትም። አፍንጫዎን ሲለቁት ብርቱካኑ ድንገት ይመጣል። ምላስ የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ጣዕም የምንለው አብዛኛው ከጉሮሮ በስተኋላ ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነው። የሙዝ ከረሜላን ሙዝ የሚያስመስለው አይሶአሚል አሴቴት የተባለ ንጥረ ነገር በእውነተኛው ሙዝ ውስጥም አለ። የአርባ ምንጭ ሙዝ በግንጥል ተጭኖ በሚያልፍበት አገር ልጁ የሙዝ ከረሜላ ብሎ ማልቀሱ ግን፣ ምን ይባላል፣ የልጅ ነገር ነው።

ሽታ ወደ አእምሮ የሚገባበት መንገድ አጭር ነው። የሽታ ነርቮች የሚያርፉበት ክፍል ስሜትን ከሚያስተናግደው አሚግዳላና ትዝታን ከሚያደራጀው ሂፖካምፐስ ጋር የቅርብ ጎረቤት ነው። ስዊድናውያኑ ተመራማሪዎች ቪላንደርና ላርሶን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ትዝታ በቃል፣ በሥዕልና በመዓዛ ቀስቅሰው አወዳድረዋል። ቃልና ሥዕል የቀሰቀሱት ትዝታ በብዛት ከ11 እስከ 20 ዓመት ያለውን ዕድሜ የሚመለከት ሲሆን፣ ሽታ የቀሰቀሰው ግን ከ10 ዓመት በታች ያለውን ነበር። ከረሜላ በብዛት የሚበላበት ዕድሜ ይኸው ነው።

እኔ ግን ምክንያቱ ሽታው ብቻ አይመስለኝም። ብርቅ መሆኑም ድርሻ አለው። በየቀኑ የሚገኝ ሽታ ከብዙ ቀን ጋር ይቀላቀላል፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚገኝ ግን ያንን ቀን ይዞ ይቀራል። በጋሞ ያ ቀን መስቀል (ማስቃላ) ነው። በሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራውም፣ በሌላ ከተማ በቀን ሥራ የዋለውም ለማስቃላ ወደ አገሩ ይገባል፤ ሻንጣው ሲከፈት ልጆች የሚጠብቁት ከልብሱ በፊት ከረሜላውን ነው። ምላስ አውጥቶ የማን ይበልጥ ቀላ እያሉ መወዳደር፣ የሚያብረቀርቀውን ወረቀት በጥፍር አለስልሶ በደብተር መሃል ማስቀመጥ ከዚያ ይቀጥላል። ዛሬ ባለሱቅ ሳንቲም ሲያጣ በመልስ ፈንታ የሚወረውረው ከረሜላ ይህን ሁሉ ይሸከማል ብዬ አላምንም፤ ሳይፈለግ የመጣ ነገር ነውና።

ለመጪው መስቀል ወደ ካምባ የምትወጡ ሁሉ ከረሜላ መያዛችሁ መልካም ነው። ሆኖም ዕድሜያቸው ከአራት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ጠንካራ ከረሜላ አትስጡ፤ ጉሮሯቸውን ሊዘጋ ይችላል። ከፍ ያሉትም እየሮጡ ሳይሆን ተቀምጠው ይምጠጡ፣ ሲጨርሱም አፋቸውን በውኃ ይጉመጥመጡ።