ተጫዋቾች «አይሆንም» ያሉ ጊዜ

አዲስ ኮንሶል ይፋ በሆነ ቁጥር ደንበኞቼ የሚጠይቁኝ ስለ ፕሮሰሰሩ ነው። የጌም ኮንሶል ጠጋኝ ነኝና እኔ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ የገዛሁት ጌም በእርግጥ የእኔ ነው ወይ?

ይህን ጥያቄ አደባባይ ያወጣው ኤክስቦክስ ዋን የተባለው ኮንሶል ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 2013 በሬድመንድ ሲያስተዋውቀው ስለ ቴሌቪዥን አብዝቶ ተናገረ፤ ተጫዋቹ የጠበቀው ግን ጌም ነበር። ያኔ የተነገሩት ደንቦችና ዋጋው ሲታወቁ ቁጣው ገነፈለ፦

• በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ካልተገናኘ ጌም አያጫውትም።
• ያገለገለ ዲስክ መሸጥና ማዋስ ገደብ ይኖረዋል።
• ኪኔክት የተባለው ካሜራ የግድ መሰካት አለበት።
• ዋጋው 499 ዶላር ነው።

ጁን 10 ቀን ተፎካካሪው ሶኒ የራሱን ኮንሶል ፕሌይስቴሽን 4ን በአዳራሽ ሲያስተዋውቅ ዋጋውን 399 ዶላር አደረገ፤ ያገለገለ ጌም እንደማይገድብ ሲናገርም አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከ9 ቀን በኋላ ማይክሮሶፍት የኢንተርኔቱንና የዲስኩን ገደብ አነሳ።

የተጫዋቾቹ ቁጣ ምክንያት ግልጽ ነው። ዲስክ ንብረት ነው፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ለጓደኛ ይዋሳል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ደግሞ የ24 ሰዓቱ ደንብ ስንት ገንዘብ የወጣበትን ዕቃ ባዶ ሣጥን ያደርገው ነበር።

ስለዚህ የተጫዋቾችን ጩኸት «የልጆች ጫጫታ» ብላችሁ አትለፉት። ከመግዛታችሁ በፊትም ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዲስክ ይቀበላል? ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? ያገለገለ ጌም ያጫውታል?