የበርበሬ ዘራችሁን ለዩ

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ አባቶች። ይህ ለሰው የተነገረ ነው። ለበርበሬም ግን ይሠራል።

በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በአካባቢው የምትኖሩ ገበሬዎች፣ እስቲ አንድ ነገር አስቡ። በጓሯችሁ ሁለት ዓይነት በርበሬ አለ እንበል። አንዱ ከአያት የወረሳችሁት የአገር ዘር ነው። ሌላው ማረቆ ፋና ነው። ቃሪያ ሳሉ ይመሳሰላሉ። ቀልተው ሲደርቁም በአንድ ጆንያ ይገባሉ። ገበያ ስትወስዱት ነጋዴው እጁን ወደ ጆንያው ይሰዳል። አንዱን ዛላ ይሰብራል፤ ሌላውንም ይሰብራል። «ይሄ ድብልቅ ነው» ይልና ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል። የዓመት ድካማችሁ በአንድ ቃል ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ዘር መለየት የጨው፣ የልብስና የልጆች ደብተር ጉዳይ ነው።

ማረቆ ፋና ስሙን ያገኘው ከማረቆ ነው። ባኮ ሎካል የሚባለው ደግሞ ከባኮ ነው። ሁለቱም በእርሻ ምርምር ተመርጠው ለገበሬ የተሰጡት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1976 ነው። የማረቆ ፋና ዛላ ሰፋ ያለ ነው። ሲደርቅ ጠቆር ያለ ቀይ ይሆናል። ወጥ ላይ ቀለሙ ያምራል፤ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ሚጥሚጣን ማንም ይለያታል። የሚያስቸግሩት ተመሳሳዮቹ ናቸው።

እንዴት ትለያላችሁ? ዛላው ሳይለቀም፣ ከተክሉ ላይ እያለ ተመልከቱ።

1. ተክሉን እዩ። ይረዝማል? ይንሰራፋል? ዛላው ወደ ታች ይንጠለጠላል ወይስ ወደ ላይ ይቆማል?

2. ዛላውን እዩ። ከእንጨቱ በኩል ሰፊ ነው ጠባብ? ጫፉ የሾለ ነው የደነዘ?

3. ቀለሙን እዩ። ሲቀላ አንድ ጊዜ፣ ሲደርቅ ሌላ ጊዜ እዩት።

4. ልጡን በጣታችሁ ጫን አድርጉ። ወፍራም ነው ስስ?

5. ጥቂት ቅመሱ። የማቃጠሉ ኃይል ይለያያል።

በአንድ ምልክት ብቻ አትፍረዱ። ፍግ የበዛበት መደብ ዛላውን ያረዝመዋል፤ ውሃ ያጣው ያሳጥረዋል። ስለዚህ በአንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን የበቀሉትን አወዳድሩ።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። በዓይን የማይታይ ድብልቅ አለ። ቲማቲም በአብዛኛው በገዛ አበባው ዱቄት ያፈራል። ስለዚህ ዘሩ ቶሎ አይቀላቀልም። በርበሬም በራሱ ዱቄት ማፍራት ይችላል። ግን ንብ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ስትሄድ የሌላውን ዘር ዱቄት ታመጣበታለች። የዘንድሮው ዛላ እናቱን ይመስላል፤ ምንም አያስታውቅም። በውስጡ ያለው ፍሬ ግን ተዳቅሏል። ጉዱ የሚታየው ለከርሞ፣ ፍሬው ተዘርቶ ሲያፈራ ነው። «የአያቴ ዘር ምን ነካው?» ትላላችሁ። የነካው የንብ እግር ነው!

ንብን አታባርሩ፤ ማር ትሰጣለች። ይልቅ ይህን አድርጉ።

ለዘር የምትፈልጓቸውን ጤነኛ ተክሎች ምረጡ። ከአንድ ተክል ብቻ አትውሰዱ፤ 10 ያህል ይሁኑ። ከጠወለገ ተክል ዘር አይወሰድም። አበባው ሳይፈነዳ ቅርንጫፉን በስስ ጨርቅ ሸፍኑት። ፍሬ ሲቋጥር ጨርቁን አንሡና ክር እሰሩበት። ክር የታሰረበት ዛላ ለወጥ አይለቀም። ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ። ያለ ጨርቅ መለየት የፈለገ ሁለቱን ዘሮች ከ200 እስከ 400 ሜትር ማራራቅ አለበት። በአንድ ጓሮ ይህ አይሆንም። ከጎረቤት ጋር ከተመካከራችሁ ግን አንዱ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ዘር ሊይዝ ይችላል።

ዛላው በደንብ ሲቀላ ልቀሙት። ፍሬውን አውጥታችሁ በጥላ አድርቁ። እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ! ከዚያ ለየብቻው በቅል ወይም በከረጢት አድርጋችሁ በደረቅ ቦታ አስቀምጡ። በደንብ ከተያዘ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይበቅላል።

አንድ ነገር ቀረ። ፊደል ቆጥራችሁ የለ? እንግዲያው ጻፉበት። በቁራጭ ወረቀት ላይ እንዲህ በሉ፦ «የአያቴ በርበሬ። ከምንጩ አጠገብ ካለው መደብ። ኅዳር 2017።» ወረቀቱን ከዘሩ ጋር አኑሩት። ሰው ይረሳል። አይጥ ካልበላው በቀር ወረቀት አይረሳም።

ተወያዩበት፦
በቤታችሁ ስንት ዓይነት የበርበሬ ዘር አለ?
የትኛውን ከማን ወረሳችሁ?
ዘንድሮ ክር የምታስሩት በየትኛው ተክል ላይ ነው?